ዕድር ለቀብር ይደርሳል፤ በሱስ ለታመመው ሰው ማን ይድረስ?

በውድቅት ሌሊት በባጃጅ ተጭኖ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሕመምተኛ ስለ ሕመሙ ብቻ አይጠየቅም፤ «አስታማሚው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሣል። በብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ካርድ የሚያወጣው፣ የታዘዘውን መድኃኒት ፈልጎ የሚገዛውና ከአልጋው ሥር የሚያድረው አስታማሚ ነው። በአልኮል፣ በጫት ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘ ሰው ግን ይህን ደጋፊ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ገና ሆስፒታል ሳይደርስ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2019 በዓለም ዙሪያ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል፣ 600 ሺህ ሰዎች ደግሞ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ሽያጩን ይገድባል እንጂ የታመመውን አንሥቶ ሐኪም ዘንድ አያደርስም። ያ የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ ነው።

ማኅበራዊ ድጋፍ የድንገተኛ ሕክምና አጠቃቀምን በሁለት መንገድ ይለውጣል። የቅርብ ሰው ያለው ሕመምተኛ ምልክቱ እንደታየ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ከሕክምና በኋላም ቀጠሮውን የሚያስታውሰው አያጣም። ብቻውን የቀረው ግን ሕመሙ ሲብስበት በሰው ሸክም ይመጣል፤ ነፍሱ ከተረፈች በኋላ ወደዚያው ብቸኝነት ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ ሰው በተደጋጋሚ ድንገተኛ ክፍል ቢታይ የሕክምናው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ከሆስፒታሉ በር ውጭ የሚቀበለው ስለሌለም ነው።

ዕውቀት ማጣትም ሕይወት ያስከፍላል። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አረቄ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮም ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተሉ ይችላሉ። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰብ መጠጥ ለማስተው ቤት ቢዘጋበትም ሆነ ጠበል ቢወስደው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል፤ ጠበሉና ሕክምናው እርስ በርስ አይጣሉም። ለሚንቀጠቀጥ ሰው ክብሪት ማሽተት ወይም አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት አይጠቅምም፤ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው የሚበጀው።

እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት የወሰደ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ሊያጥርና ከእንቅልፉ አልነቃ ሊል ይችላል። አብረውት የነበሩ ጓደኞቹ ፖሊስን ፈርተው ጥለውት ከሄዱ ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ሳያውቅ ለማከም ይገደዳል። የወሰደውን መድኃኒት ስምና ሰዓቱን በግልጽ መናገር ከመድኃኒት የማይተናነስ እርዳታ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የገንዘቡም ነገር ከቤተሰብ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ የሚገባበት ነው። ከቤት የወጣ፣ ከመዋጮው የተዘለለ ወጣት ታዲያ መድን ባለበት ቀበሌ ያለ መድን ይቀራል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ቋራ የሚወርድ የቀን ሠራተኛም ከወገኑ ርቆ ሲታመም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

«ደግፈን ደግፈን ሰለቸን፤ የምንሰጠውን ገንዘብ ይጠጣበታል» የሚሉ ቤተሰቦች ምሬታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለመጠጥ የሚሆን ገንዘብ መንፈግና ሲታመም ፊት ማዞር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሱስን መከላከል ሲሆን ሁለተኛው ሰውን መጣል ነው። ሸክሙም በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና።

ዕድር ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አለው፤ ተራ ያወጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይጠይቃል። ይኸው ተራ ለአስታማሚነት ቢውል፣ የመዋጮው ጥቂቱ ለአምቡላንስና ለመድኃኒት ቢመደብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከሆስፒታል የተመለሰውን ሰው በቀበሌው የምትከታተልበት አሠራር ቢኖር ብዙ ሕይወት ይተርፋል። በሱስ የታመመ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው፣ ንፍሮ የሚቀቀለውና ሰልስት የሚወጣው በዚሁ ጎረቤት ነው። ለሬሳው የሚከፈለው ጊዜና ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለ ቢደርሰው፣ ድንኳኑ ሳይተከል ሊቀር ይችል ነበር።