ቁጥሩን ንገሩንና እንሥራ

ድሬ ላይ ስለ ሥራ ወሬ ከተነሣ ሁለት ወገን አይጠፋም። አንዱ «መንግሥት ለፋብሪካ ሠራተኛም ዝቅተኛ ደመወዝ ይወስን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተዉ አቦ! ይህን ባወራችሁ ቁጥር ኢንቨስተሩ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄድላችኋል» ብሎ ያስፈራራል። እኛ ሁለቱንም አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ነጋዴን የሚያስፈራው ሕግ ነው ወይስ ያላለቀ ሕግ?

እንደ እኛ እምነት ያላለቀው ነው። እስቲ እናስረዳ።

በ2011 ዓ.ም. አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011 ወጣ። የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ አለ፤ ይህ ለአሠሪው ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን አደገ፤ ይህ ደግሞ ለሠራተኛው ነው። በወሊድ ፈቃድ ጊዜ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ስለሆነ ወጪው ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሁሉም ቁጥር አላቸው። የድርጅቱ ሒሳብ ሹም ቁጭ ብሎ ያሰላቸዋል፣ በጀት ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ሥራው ይቀጥላል።

ያው አዋጅ አንቀጽ 55 ላይ ሲደርስ ግን ቁጥር የለም። የደመወዝ ቦርድ ይኖራል፣ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተባለና ነገሩ በቀጠሮ ታለፈ። በ2017ቱ የሠራተኞች ቀን፣ አዋጁ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) አሁንም ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን እያለ ይጠይቅ ነበር።

አሁን ራሳችሁን መልካ ጀብዱ ላይ ሼድ ሊከራይ በመጣ ባለሀብት ቦታ አስቀምጡ። የአሥር ዓመት ዕቅድ ይዛችኋል። ቦርዱ መቼ ይሠራል? ስንት ይላል? በአንዴ ነው ወይስ በደረጃ? መልስ ከሌለ ምን ታደርጋላችሁ? ወይ የባሰውን ቁጥር ገምታችሁ ትፈራላችሁ፣ ወይ 500 ሰው ልትቀጥሩ ያሰባችሁት በ200 ትጀምሩና «እስቲ እንየው» ትላላችሁ። ያ «እስቲ እንየው» ነው የእኛን ሥራ የሚበላው።

«ርካሽ ጉልበት ኢንቨስተር ያመጣል» የሚለውንም እንመርምረው። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ በዚያን ጊዜ 95 ዶላር ነው። ታዲያ ፋብሪካዎቹ በርካሹ ተጠቀሙ? ያው ጥናት እንደሚለው በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። መርፌ አያያዝ ያስተማሩት ልጅ እጁ ሲፈታ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮንም በኢትዮጵያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ተከታትለው ነበር። የፋብሪካ ሥራ በዕጣ ከደረሳቸው ውስጥ ከሦስት አንዱ በመጀመሪያው ወር ለቀቀ።

የሐዋሳን ሥራ ክፉኛ የጎዳውም የደመወዝ ሕግ አልነበረም። በኅዳር 2014 ፒቪኤች ፋብሪካውን ሲዘጋ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ስትታገድ ደመወዙ ያው ርካሹ ነበር። የጦርነቱ ጊዜ ነበር። ርካሽነት ማንንም አላስቀረም።

ወደ ድሬ እንመለስ። ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ምድር ባቡሩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው ስንቱን ቤተሰብ እንዳሳደጉ ትልልቆቹን ጠይቁ። ፋብሪካ ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። ግን ድሬ የንግድ ከተማም ናት። ታይዋን ገበያ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የጫት ሥራ አለ። ፋብሪካው የቤት ኪራይና ምሳ የማይሸፍን ደመወዝ ካቀረበ ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ይቀራል። ከዚያ «የድሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይባላል። ቆይ፣ ደመወዙን ጠየቃችሁ?

መንግሥት ይህን ሒሳብ ለራሱ ሠራተኛ ሲሆን ያውቀዋል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ኑሮ ሲከብድ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ቢሮ የምታጸዳው እህታችን ቁጥር ተቆረጠላት፤ እሰየው! ከጎኗ ባለው ፋብሪካ የምትሰፋው ግን የምትከፈለው እንደ አሠሪዋ ልብ ነው።

በእርግጥ ፍርሃቱ ሁሉ ባዶ አይደለም። ሳቢያን ያለ ዳቦ ቤትና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካ እኩል አቅም የላቸውም። ወለሉ ከአቅም በላይ ከፍ ቢል ትንንሾቹ አሠሪዎች ወይ ሰው ይቀንሳሉ፣ ወይ ያለ ውል ያሠራሉ። ያኔ የሚጎዳው ያው ደካማው ነው። ስለዚህ በየዘርፉና በድርጅቱ አቅም ይለይ፤ ሁለት ሦስት ዓመት በደረጃ ይግባ፤ በየስንት ዓመቱ እንደሚከለስም ከአሁኑ ይጻፍ። ነጋዴ የሚመጣበትን ካወቀ ይዘጋጃል። የሚጠላው ድንገቴ ነው።

«ጥናት ጊዜ ይፈልጋል» የምትሉ ደግሞ ሚያዝያ 2012ን አስታውሱ። ኮሮና ሲመጣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ በቀናት ውስጥ በደንብ ቁጥር 466/2012 ከሚኒስቴሩ አሠራር ውጭ ሠራተኛ ማሰናበት ተከልክሏል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

በነሐሴ 2014 የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲመረቅ እኛም አጨብጭበናል። ሼዱ ተሠርቷል፣ ባቡሩ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ልጁም እዚሁ አለ። አንድ ወጣት መልካ ጀብዱ ሄዶ ከመመዝገቡ በፊት፣ አንድ ባለሀብትም ማሽኑን ከመጫኑ በፊት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ማንበብ አለባቸው። ቁጥሩ ያንስ ይሆናል፣ ይበዛ ይሆናል፤ እሱን እንከራከርበታለን። በሌለ ቁጥር ላይ ግን ክርክርም አይቻል፣ ዕቅድም አይወጣ።