ገመዱ አርፏል፤ ጥይቱስ?

በናይሮቢ ለሚታተሙ የሕግ ጥናት መጽሔቶች አዘጋጆች



የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም፤ ኢስሊ የምኖር ኢትዮጵያዊ አንባቢያችሁ ነኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በታኅሣሥ 2017 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሩዋቴቱ ጉዳይ፣ ነፍስ ያጠፋ ሁሉ የግድ ሞት ይፈረድበት የሚለውን ድንጋጌ ሲሽር የሕግ ምሁሩ ብዙ ጻፈ። ደግ ነው። ነገር ግን ኬንያ ከ1987 ወዲህ በፍርድ የሰቀለችው ሰው የለም። ሞቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያው በ2017 የናይሮቢዋ ማታሬ ሰፈር ወጣቶች በፖሊስ የተገደሉ የሰፈራቸውን ልጆች ጉዳይ ለቃቅመው «ቀጣዩ ማነው?» የሚል ጥናት አወጡ። በዚያው ዓመት ደግሞ አጠራጣሪ ሞትን ከፖሊስ ነፃ ሆኖ የሚመረምር አገልግሎት በሕግ ተደነገገ፤ በሰኔ 2024 ለተቃውሞ የወጡ ወጣቶች ፓርላማው ደጅ በጥይት ሲወድቁ ግን አገልግሎቱ ገና ወረቀት ላይ ነበር። የኬንያ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በሳምንቱ ግድም የመዘገበው ሞት 39 ደርሶ ነበር።

በመጋቢት 2020 እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪያማይኮ ሰፈር ውስጥ ፖሊስ ሰዓት እላፊ ሲያስከብር፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ታች ይመለከት የነበረ የ13 ዓመት ልጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አንድ ፖሊስም በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕጋችሁ የወንጀል ተጠያቂነትን ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ማሳደጉ ያስመሰግናችኋል፤ የእኛው አገር ዛሬም 9 ላይ ነው። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ለተገደለ ልጅ ግን የዕድሜ ወለል ምን ይፈይድለታል?

ሕገ መንግሥታችሁ በአንቀጽ 26 ሕይወትን ይጠብቃል፤ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ማንም ሆን ተብሎ ሕይወቱን እንዳያጣ ይከለክላል። የመንገድ ላይ ግድያን የፈቀደ ሕግ የቱ ነው? ይህን ጥያቄ የፖለቲካ ነው ብላችሁ ለጋዜጠኛ አትተዉት።

እባካችሁ በየእትሙ አንድ መዝገብ ክፈቱ፦ ጥይቱ ከየትኛው መሣሪያ ወጣ፣ የአስከሬን ምርመራው ምን አለ፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ተላለፈ፣ ለምን? ጽሑፉን ማታሬ ሆነው ስም ከሚመዘግቡት ልጆች ጋር አብራችሁ ጻፉት፤ በነፃ ልቀቁት፣ በስዋሂሊም አሳጥራችሁ አውጡት። አንዲት እናት የአስከሬን ምርመራ ወረቀቷን ይዛ ጠበቃ ዘንድ ስትሄድ፣ ጠበቃው ችሎት ላይ የሚጠቅሰው ነገር ይኑረው።

ከአክብሮት ጋር
ኢስሊ፣ ናይሮቢ