ከሲኒማ ማርኮኒ እስከ ብሔራዊ ቴአትር

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ አንድ ክርክር አላባራ ብሏል። አንዱ “ጣሊያን የሠራውን ቤት ቅርስ ብሎ መንከባከብ ምን የሚሉት ነው?” ይላል። ሌላው “አንዲት ድንጋይ እንዳትነካ!” እያለ ይጮሃል። እኔ ሁለቱንም ክንዳቸውን ይዤ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ባቆማቸው ደስ ይለኛል።

ብሔራዊ ቴአትር ሲጀመር ቴአትር ቤት አልነበረማ። ጣሊያን በወረራው ዘመን “ሲኒማ ማርኮኒ” ብሎ የጀመረው ሲኒማ ቤት ነው። ማርኮኒ የራዲዮው ሰው ነው፤ በሳይንሱ የተከበረ፣ በፖለቲካው ግን የፋሺስት ፓርቲ አባል። ያ አስተዳደር ነጩን ካገሬው ለይቶ ለማስፈር የአራዳን ገበያ ሳይቀር ወደ ዛሬው መርካቶ ያሻገረ ነው። ሲኒማው በዋናነት ለማን እንደታሰበ መገመት አያዳግትም።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባሮ ሲወጣ ሕንፃው በጅምር ቀረ። ልብ በሉ፣ ያኔ ቂሙ ትኩስ ነው። የካቲት 12ን በዓይኑ ያየ ሰው በየሰፈሩ አለ። “የጠላት ቤት ነው” ብሎ መናድ ቢፈለግ ከዛሬው ተከራካሪ ይልቅ ያኔ የነበረው ሰው ምክንያት ነበረው። የተደረገው ግን ሌላ ነው። ንጉሡ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ እጁን አሳርፎበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተከፈተ። መድረኩን ያሟሸው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው “ዳዊትና ኦርዮን” ነው። ደጁ ላይ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። ኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሠራበት ቤት ሆነ። ዛሬ የታክሲ ረዳቱ “ብሔራዊ! ብሔራዊ!” ሲል ማርኮኒ ትዝ የሚለው ሰው ስንት ነው?

እንግዲህ ሕንፃው የተረፈው ግንቡ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ሥራ ስለተሰጠው ጭምር ነው። የኛ ክርክር የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ግድግዳ ነው።

ሌሎቹን ሲኒማ ቤቶች እንያቸው። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደር። ልጅ ሆኜ አምባሳደር በር ላይ ለሕንድ ፊልም ተጋፍቻለሁ፤ አንድ ጊዜማ አንድ እግር ጫማዬን እዚያው ጥዬ ነው የገባሁት። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሲኒማ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ አስተዳደራቸው በመንግሥት እጅ ገባ። ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ዲሽ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ሰልፉን መልሶት ነበር፤ አሁን ደግሞ ፊልሙ ዞሮ ዞሮ ዩቲዩብ ላይ ነው። ሰው ያልገባበትን አዳራሽ ለማፍረስ ግሬደር ሲመጣ ብዙ አልቃሽ አይገኝም። የሚያለቅሱትም (እኔን ጨምሮ) መጨረሻ ትኬት የቆረጡት መቼ እንደሆነ ቢጠየቁ ያፍራሉ።

አስመራን ተመልከቱ። በማሪዮ ሜሲና ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ ዛሬም ከነስሙ ቆሟል፤ ከተማዋም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በስሙ ላይ እስካሁን አልተዋጠልኝም። “ኢምፔሮ” እኮ ግዛተ አፄ ማለት ነው፣ ያውም የሙሶሊኒ! ከተማዋን እንዳለች በማቆየቷ ግን እቀናለሁ።

ስለዚህ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ ሲባል፣ “ማን ሠራው?” ከሚለው ጥያቄ እኩል “ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ምን ይታይበታል?” ተብሎ ይጠየቅልኝ። ለቀለምና ለመብራት በጀት ሲያዝ ለማሳያ መሣሪያው፣ ለወንበሩ፣ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች የሚሆን አንድ ሌሊትም ይታሰብ። ፒያሳ ላይ ገና ያልተነኩ አዳራሾች ካሉ፣ ዝርዝሩን የያዘው ቢሮ ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው።