ድንኳኑ ለጥቂቶች ነው ወይስ ለሰፈሩ ሁሉ?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደምታስታውሱት ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ የልጆቻችን የበጋ ዕረፍት ጉዳይ ተነሥቶ ብዙ ተባለ፣ ብዙም ተጮኸ። የቀረበውም ሐሳብ ይኸውላችሁ፦ ማኅበሩ ካጠራቀመው ገንዘብ ወጪ አድርጎ፣ ባሕር ዳር ከሚከራዩት ያጌጡ ድንኳኖች ጥቂቱን ለሁለት ሌሊት ይያዝ፤ ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦች ሄደው ይዝናኑ፤ የቀሩት ለሚመጣው ዓመት ተራቸውን ይጠብቁ የሚል ነው። ለዚህ ሐሳብ ብዙ እጅ ወጥቶለታል። ውሳኔው ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እኛ ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የምንለጥፈው ሐሳቡን ስለምንቃወም ነው። ይህንንም የምናደርገው መዝናናት ጠልተን ወይም በሰው ደስታ ቀንተን አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ መሄድ ሲችል ጥቂቶች ብቻ ስለምን ይሄዳሉ? ጥያቄያችን ይህ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። «ግላምፒንግ» የሚሉት «ግላመር» እና «ካምፒንግ» የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጋብተው የወለዱት ስም ነው። ካምፒንግ ማለት የራስን ድንኳን ይዞ ሄዶ፣ በተፈቀደ ቦታ ተክሎ ማደር ነው። ግላምፒንግ ማለት ደግሞ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ማራገቢያው ተሰክቶ፣ አንዳንዴም መታጠቢያው ለብቻው ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ እናንተ ቦርሳችሁን አንጠልጥላችሁ መግባት ብቻ ነው። በአጭሩ የሸራ ግድግዳ ያለው ሆቴል ነው። ዋጋውም እንደዚያው የሆቴል ነው፤ በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ደግሞ ይብስበታል።

ገንዘብ ያለው ሰው በገንዘቡ ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? እሰየው፣ ይሂድ! ወገቡን የሚያመው አባትም አልጋ ቢፈልግ ነውር የለበትም። የማኅበር ገንዘብ ግን ሌላ ነው። ጽዳት ሠርታ የምታድር እናት ያዋጣችው፣ ጡረተኛው ከጡረታው ላይ ቆጥሮ ያስቀመጠው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በሁለት ሌሊት የሰው ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ቢያልቅ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በማኅበሩ እጅ ምን ይቀራል? ደረሰኝ!

ዕጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ሕንጻ ላይ የአንደኛው ፎቅ ልጅ ቦርሳውን ይዞ ሲወርድ፣ የሦስተኛው ፎቅ ልጅ በመስኮት ያያል። ለትልቅ ሰው «ዕጣ ነው» ቢሉት ይገባዋል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ዕጣ ማለት «አንተ አትፈለግም» ማለት ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? ልጁ ያለቅሳል፣ እናት አንጀቷ አይችልም፣ አባት በአሥር «ታሽሉሚም» ከፍሎ ይወስደዋል። ዕረፍቱ በሁለት ሌሊት ያልቃል፤ ዕዳው ግን እስከ ፋሲካ ይከተላል። ይህ በሰፈራችን ያልታየ ነገር ነው እንዴ? ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን ዕድር ሲያቋቁሙ ምን አደረጉ? ለእያንዳንዱ ልቅሶ ድንኳን ይከራዩ ነበር ወይ? የለም። አንድ ጊዜ አዋጥተው ድንኳን ገዙ፣ ድስት ገዙ፣ አግዳሚ ወንበር ገዙ፤ በአንድ ቤት አስቀመጡና ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ተገለገለበት። ሀብታም ሞተ፣ ድኻ ሞተ፣ ድንኳኑ አንድ ነበር። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፦ ማኅበሩ በዚሁ ገንዘብ የቤተሰብ ድንኳኖች፣ ፍራሾች፣ የፀሐይ መከላከያ ሸራና ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ይግዛ። ዕቃው በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጥ፤ ቤተሰቦች በቡድን በቡድን ሆነው በየተራቸው ይውሰዱ። በሐምሌና በነሐሴ በአንዱ ሳምንት ያልሄደ በሌላው ይሄዳል። ድንኳኑም ለመጪው ዓመት፣ ለሚቀጥለውም ይቆያል። ለልቅሶ የተባበረ ሕዝብ ለልጆቹ ደስታ መተባበር ያቅተዋል?

እዚህ ላይ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን አንዳንዶቹ «ደግሞ ድንኳን? ሱዳን ያየነው አይበቃም ወይ?» ብለዋል። ይህን ቃል በቀላሉ አናልፈውም። በሱዳን በኡም ራኩባና በሌሎቹ መጠለያዎች የሆነውን እነሱ ያውቁታል። ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያዎቹ ወድቀው ቀርተዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ስለዚህ ማንንም እናት በግድ ድንኳን ውስጥ ትደር አንልም። ቀን መጥታ ከልጅ ልጆቿ ጋር ውላ ማታ ቤቷ ብትገባ ክብሯ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። የተከራየው ድንኳን ሲሆን «መልካም ነው» የሚባለው፣ የራሳችን ድንኳን ሲሆን «ሱዳን» የሚባለው ስለምንድነው? ሁለቱም ሸራ አይደሉም እንዴ? የሱዳኑ መጠለያ መከራ የሆነው ሸራና ሣር ስለነበረ አይደለም፤ ረኃብና በሽታ ስለነበረበት፣ መውጫም ስላልነበረው ነው። ይህኛው ግን በፈቃዳችን ገብተን በፈቃዳችን የምንወጣበት ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚያሳፍረን ድንኳኑ አይደለም፤ ርካሽ መሆኑ ነው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በሰሎሞን ዘመቻ የመጣን ብዙዎቻችን በካራቫን ኖረናል፤ ያን ጊዜ ካራቫን የችግር ምልክት ነበር። ዛሬ የዚያው ዓይነት ካራቫን ቀለም ተቀብቶ፣ መጋረጃ ተሰቅሎለት በሌሊት ሒሳብ በውድ ይከራያል። ቤቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። ክብር በዋጋ ይለካል ያለን ማነው?

ከሱዳን በፊትም እኮ ሰዎች ነበርን። ሰብል ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ጦጣና ዝንጀሮ ሲጠብቅ ያደገ፣ ከብት ይዞ ሜዳ ያደረ ስንት አባት አለ በዚህ ሰፈር! ልጅ ስንድር ዳስ እንጥል ነበር፤ ስናለቅስም ዳስ እንጥል ነበር። ኦሪትም በዳስ በዓል 7 ቀን በዳስ ተቀመጡ ይላል፤ ይኸውም ከግብፅ የወጡት አባቶች በዳስ መኖራቸውን ትውልዱ እንዲያውቅ ነው። መጽሐፉ ያን ጊዜ አትርሱት አለ እንጂ እፈሩበት አላለም።

የባሕር ዳር መዝናኛም ቢሆን ከእኛ ታሪክ ውጭ አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ ነበር። ቀን ቀን ባሕር ጠላቂ ቱሪስቶች ይስተናገዱበታል፤ ሌሊት ሌሊት ግን እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ወገኖቻችንን ከመጠለያዎቹ አውጥተው በጭነት መኪና ወደ ጠረፉ ያደርሱና ለባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ያስረክቡ ነበር። ቱሪስቶቹ ምንም አላወቁም። ከእኛ ወገን በጨለማ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ አሸዋ ረግጦ ጀልባ የወጣ ሰው አለ። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ በነጻነት እየሳቀና እየጮኸ ባሕር ዳር ድንኳን ቢተክል ያኮራል እንጂ ያሳፍራል?

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ባሕሩ የማን ነው? በ1983 የጸደቀው የሜዲትራንያን ጠረፍ ብሔራዊ ዕቅድ ከውሃው ጠርዝ 100 ሜትር ድረስ ግንባታ እንዳይሠራ ይከለክላል። በ2004 የወጣው የባሕር ዳር አካባቢ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ከውሃው ወደ የብስ 300 ሜትር ድረስ ያለውን ቦታ ይጠብቃል፤ ማንኛውም ሰው በባሕሩ ዳር በእግሩ ያለ ክፍያ የማለፍ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ። ግን ሕግ የሚጸናው የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር ነው። ከሪሾን ለጽዮን በስተደቡብ በፓልማኺም ጠረፍ ምን እንደሆነ እናስታውስ። እዚያ የመዝናኛ መንደር ሊሠራ ታቅዶ፣ መሬቱም ተሰጥቶ ነበር። በ2008 ወጣቶች አሸዋው ላይ ድንኳን ተክለው «ጠረፉ አይሸጥም» ብለው ተቀመጡ። ነገሩ አገር ሰማው፤ በ2010 መንግሥት ዕቅዱ እንዲቀር ወሰነ። ጠረፉን ያዳነው ያጌጠ ድንኳን አልነበረም፤ ልጆች ከቤታቸው ያመጡት ተራ ድንኳን ነበር። ሕዝብ ባሕር ዳር ማደሩን ከተወ ግን ቦታው ቀስ በቀስ የከፋይ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መጮህ ዋጋ የለውም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። ከከተማችን ከናታንያ በስተሰሜን፣ በ2 ቁጥር መንገድ ላይ፣ በጥቂት ደቂቃ የቤት ያናይ ጠረፍ አለ። በተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን የሚተዳደር ብሔራዊ ፓርክ ነው። የእስክንድር ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባው እዚያ ነው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ውስጥ የሄደ ሰው ልስልስ ቅርፊት ያላቸውን ትልልቅ የወንዝ ኤሊዎች ያያል። ከአጠገቡ ባለችው በሚኽሞሬት ደግሞ በ1999 የተቋቋመ የባሕር ኤሊዎች ማዳኛ ማዕከል አለ። በበጋው ወራት የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ከውሃ ወጥተው በአገሪቱ ጠረፎች አሸዋ ውስጥ እንቁላላቸውን ይቀብራሉ፤ ተቆጣጣሪዎችም እንቁላሉን ወደተጠበቀ ቦታ ያዛውሩታል። የተፈለፈለው ጫጩት ባሕሩን የሚያገኘው የውሃውን ብርሃን ተከትሎ ስለሆነ፣ ሰው ያበራው መብራት ያሳስተዋል። በሕንጻ መካከል ያደገ ልጅ ይህን በዓይኑ ቢያይ ከስንት ቀን የስልክ ጨዋታ አይሻልም? የራሱን ድንኳን ካስማ የመታ ልጅ፣ ውሃ የቀዳ ልጅ፣ ማታ ከአያቱ አፍ የመንገዱን ታሪክ የሰማ ልጅ እኮ አንድ ነገር ተምሯል። በተነጠፈ አልጋ ላይ የወደቀ ልጅ ግን የሚማረው መጠበቅን ነው።

ይህ ሁሉ በሥርዓት እንዲሆን የምናቀርበው የሥራ ዝርዝር የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ማደር የሚቻለው በተፈቀደው ቦታና በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከማኅበሩ አንድ ሰው አስቀድሞ ለፓርኩ ደውሎ ቦታ ይያዝ፤ ክፍያውንም ይጠይቅ። የጸጥታ መመሪያ ካለም በዚያው ይጣራ።

2ኛ/ ጉዞው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ተጀምሮ ዓርብ ጠዋት ይጠናቀቅ። ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ቤቱ ይግባ፤ የማንም ሰንበት በእኛ ምክንያት አይሻር።

3ኛ/ ዋናተኛ ጠባቂ በሌለበት ቦታና ሰዓት ማንም ልጅ ውሃ አይግባ። በጠረፉ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ምን ማለት እንደሆነ ከጠባቂው ይጠየቅ፤ ትእዛዙም ይከበር። ውሃ ወደ ውስጥ የሳበው ሰው ከማዕበሉ ጋር አይታገል፤ ወደ ጎን፣ ከጠረፉ ጋር ትይዩ ይዋኝና ከስቡ ሲወጣ ወደ ዳር ይመለስ። ይህን ልጆች ሁሉ ከመሄዳቸው በፊት ይማሩት።

4ኛ/ ምግቡ ከቤት ይሁን፤ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ሽሮው በጋራ። ቡናም ይፈላል፤ ከሰሉ ግን በምድጃ ላይ፣ በተፈቀደው ሥፍራ እንጂ አሸዋ ላይ አይበተን። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ፍም የሕፃን እግር ያቃጥላል።

5ኛ/ ወደ ባሕሩ የሚያበራ መብራት ሌሊት ይጥፋ። ቆሻሻችን ከእኛ ጋር ይመለስ። ድንኳን የተበደረ ሰው አሸዋውን አራግፎ፣ አድርቆ ይመልስ፤ ለሚቀጥለው ቤተሰብ እርጥብ ድንኳን ማስረከብ ነውር ነው።

ድካም የለበትም አንልም። ካስማ መምታት፣ ዕቃ መሸከም፣ ትንኝ መታገል አለ። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በእግሩ የተጓዘ ሕዝብ ግን ከናታንያ ቤት ያናይ ድረስ ድንኳን መሸከም ከበደው ቢባል ማን ያምናል?

ስለዚህ ውድ ጎረቤቶቻችን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በነቂስ ውጡ። ቤት ተቀምጦ በኋላ ማማት አይጠቅምም። ገንዘቡ ለኪራይ ይውጣ ወይስ ለዕቃ መግዣ የሚለው በግልጽ ድምፅ ይሰጥበት። የእኛን ሐሳብ የሚቃወም ካለም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ አንብበን እንመልስለታለን። ከዕጣ የቀረ ልጅ ግን እንዳይኖር አደራ እንላለን።

የዕድሩ ድንኳን ለሐዘን እንደዋለ፣ የማኅበሩ ድንኳን ለደስታ ይዋል!
ባሕር ዳሩ የሁሉም ነው!

ከማኅበሩ አባላት የተውጣጣ የወላጆች ቡድን