ምስክር የሚሰማው በጆሮ ነው

ወዳጄ ዓይነ ስውር ነው፤ ሕግ ተምሮ በማዕረግ ተመርቋል። ከዓመታት በፊት ለዳኝነት ሲያመለክት የቀረበለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ምስክሩ ሲዋሽ ፊቱን ሳታይ በምን ታውቃለህ?» እስከ ዛሬ የሚቆጨው አለመመረጡ አይደለም፤ አንድም የሕግ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው።

ስለ ዳኞች ስብጥር ስናወራ ብሔርና ጾታ ቆጥረን እናበቃለን። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ ሴት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አጨብጭበናል፤ ደግ አደረግን። አካል ጉዳተኛን ግን የሚቆጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያገኘችው ዓይነ ስውሯ የትነበርሽ ንጉሤ እንኳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ናት።

የፊት ነገር ከተነሣ፣ እኛ አገር በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት ነው። ከገጠር የመጣች ምስክር አንገቷን ደፍታ ስትናገር የሚያያት ዳኛ «የምትደብቀው አለ» ሊል ይችላል። የሚሰማት ዳኛ የሚመዝነው ቃሏ እርስ በርሱ መግጠሙን ነው። የችሎት አማርኛችንም ቢሆን መዝገብ «ይታያል» ይላል እንጂ ምስክርን «ይሰማል» ነው የሚለው።

ደቡብ አፍሪካዊው ዛክ ያኩብ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሾሟቸው፤ እስከ 2013 በወንበሩ ቆዩ። የመኖሪያ ቤት መብትን የተነተነውን የ2000ውን የግሩትቡም ፍርድ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያ ፍርድ ቤት ምስክር ብዙም አይሰማም የሚለኝ አንባቢ ልክ ነው። ሆኖም ያኩብ ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ጠበቃ ነበሩ፤ በአፓርታይድ ዘመን በታወቀው የደልማስ የአገር ክህደት ክስም ለተከሳሾች ቆመዋል።

የእኛ ሕግ በዚህ አይታማም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ላይ አካል ጉዳተኛን ማግለል ይከለክላል፤ ለሥራው ረዳት የሚያስፈልገው ከሆነም አሠሪው እንዲመድብለት ያስገድዳል። ቀዳዳው የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ከሆነ የሚለው ነው። ወዳጄን በዚያች ቀዳዳ ሸኙት።

በየደረጃው ያላችሁ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤዎች ሆይ፣ ቀጣዩን ማስታወቂያ ስታወጡ ፈተናውን በብሬል ጭምር አዘጋጁ። ዓይነ ስውር ዕጩ ስትጥሉም የትኛው የሥራው ጠባይ እንደከለከለው በጽሑፍ ስጡት፤ ይግባኝ የሚልበት ይሁነው።