ቤዙ የት ገባ?

ቤት ስናሰናዳ ስለ ሶፋውና ስለ መጋረጃው ብዙ እንመካከራለን። የድምፅ ዕቃ ስንገዛ ግን አብዛኞቻችን ሱቅ ገብተን፣ ለሁለት ደቂቃ ሰምተን፣ ባለሱቁ «ይሄ ሰፈር ያንቀጠቅጣል!» ስላለን ብቻ ተሸክመን እንመጣለን። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የዛሬው ወጋችን ስለ ሰብዉፈር ነው፤ ያ ወለል ላይ የሚቀመጠው፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ሳጥን።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ከመርካቶ ገዝቼ ገባሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ጥግ ውስጥ አስገባሁት፤ ቤተሰቡን ሶፋ ላይ ሰበሰብኩና ከፈትኩት። ዘፈኑ አለ፣ ቤዙ የለም። ድምፁን ጨመርኩ፤ ያው ነው። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ አሁንም ያው። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ግን «ያ ሁሉ ብር ለዚህ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን።

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት የምትወቅጡት ምንድን ነው?» አሉኝ። «የቡፌዬ ብርጭቆ ሁሉ እየተንጫጫ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ያጣነውን ቤዝ፣ በሽተኛው አልጋቸው ላይ ሆነው ሲሰሙት አመሹ። ብሩን ያወጣሁት እኔ፣ ቤዙ የደረሳቸው እሳቸው! ወዲያው አጠፋሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። በበዓሉ ማግስት ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ተነሳሁ። ያወቅሁት ነገር ለእናንተም ብር ያድናል፤ ምናልባትም ጉርብትና ያድናል።

ቤዝ ለምን ይጠፋል?

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ሄርዝ ማለት አየሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው። ሰብዉፈር የሚያወጣው የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ በግምት ከ20 እስከ 80፣ ቢበዛ እስከ 120 ሄርዝ ያለውን።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ1,000 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 34 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ የ40 ሄርዙ 8 ሜትር ተኩል ይሆናል። ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ግድግዳ ይመታና ይመለሳል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ሲገናኙ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋፋሉ።

የእኔ ሳሎን ርዝመት 4 ሜትር ከ20 ነው። ይህ ደግሞ ከ41 ሄርዝ ሞገድ ግማሽ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ርዝመት ውስጥ ያ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች ዘንድ ይበረታል፤ ልክ መሐሉ ላይ ግን ይሞታል። 41 ሄርዝ ምን መሰላችሁ? የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ነው። የእኛ ሶፋ ደግሞ፣ ከኋላው የምግብ ጠረጴዛ ስላለ፣ በትክክል መሐል ላይ ነበር። ለካስ ቤዙ የጠፋው እኛ የተቀመጥንበት ቦታ ላይ ብቻ ነው! እኔ ድምፁን በጨመርኩ ቁጥር በግድግዳውና በወለሉ በኩል የሚወርደው ይጨምር ነበር እንጂ እኛ ዘንድ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ቤዝን የሚሠራው ሳጥኑ ብቻ ሳይሆን ክፍሉም ጭምር ነው። በቦታ የሚስተካከለውን ነገር በብር ወይም በጩኸት ለማስተካከል አትሞክሩ።

ስትገዙ ምን ትዩ?

መጠን፦ ከ15 እስከ 20 ካሬ ሜትር ለሆነ ሳሎን ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ይበቃል። 12 ኢንች ለሰፊ ሳሎንና ለግቢ ቤት ይሁን። ብራችሁ ለአንድ ትልቅ የሚበቃ ከሆነ፣ በዚያው ሂሳብ ሁለት ትናንሽ መግዛትንም አስቡበት። ሁለቱ በተለያየ ቦታ ሲቀመጡ አንዱ የጎደለበትን ሌላው ስለሚሞላው፣ ሶፋው ላይ ዳር የተቀመጠውም መሐል የተቀመጠውም ተቀራራቢ ቤዝ ያገኛሉ።

ሳጥን፦ አንዳንዱ ድፍን ነው፤ አንዳንዱ አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ያለው በተመሳሳይ ዋት የበለጠ ይጮኻል፤ ለፊልም ፍንዳታ ይመቻል፤ ሳጥኑ ግን ትልቅ ነው። ድፍኑ ቦታ አይፈጅም፤ የከበሮውን ምት ቁርጥ አድርጎ ያወጣል። ለጠባብ ክፍልና ለሙዚቃ እኔ ድፍኑን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ስትመርጡ ሳጥኑን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ጣሳ ከመሰለ ተዉት፤ እንጨቱ ስስ ነው፣ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ያበላሻል።

ዋት፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። እሱ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ነው። የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» ከሚለው አጠገብ ያለውን፣ ያለማቋረጥ የሚችለውን ቁጥር ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚሰማ ጆሮ ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ100ና በ150 ዋት መካከል ላለ ልዩነት ብዙ ብር አትክፈሉ።

መብራት፦ ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከጀርባው ቮልት መቀየሪያ ከሌለው፣ ለዋቱ የሚበቃ ትራንስፎርመር ሳትገዙ እንዳትሰኩት፤ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋም ለፍሪጃችሁ እንደምታደርጉት ሶኬቱን ንቀሉ።

ማገናኛ፦ ቴሌቪዥናችሁ፣ አምፕሊፋየራችሁ ወይም ሳውንድባራችሁ ለሰብዉፈር የተለየ መውጫ እንዳለው አረጋግጡ። የራሱ አምፕሊፋየር የሌለው ሰብዉፈርም አለ፤ ርካሽ መስሎ ታይቷችሁ ሌላ ወጪ እንዳይከተላችሁ ጠይቁ።

ቤት ስትገቡ

ቦታ ለመፈለግ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጡት። ቤዙ የማያቋርጥ ሙዚቃ ክፈቱ፤ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» የመሰለ። ከዚያ እናንተ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግድግዳውን ተከትላችሁ ዙሩ። አንዱ ቦታ ላይ ቤዙ ይጎላል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። እያንዳንዱ የቤዝ ጊታር ምት ለብቻው ጥርት ብሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ የሚሰማበትን ቦታ ስታገኙ ምልክት አድርጉ። ሳጥኑን እዚያ አኑሩት፤ እናንተ ወደ ሶፋችሁ ተመለሱ። እኔ ይህን ሳደርግ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «ቤዝ» አልኳት። እሷም አብራኝ ተንበርክካ ፈለገች።

ያገኘነው ቦታ ጥጉ አልነበረም። ጥግ ቤዙን ያበዛዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ ያጉረመርማል እንጂ አይዘፍንም። የእኛ ቦታ በጎን በኩል ያለው ግድግዳ ሥር ሆነ። ሶፋውንም ከመሐል 60 ሳንቲሜትር ወደኋላ ገፋነው፤ ለዚህ ሲባል የምግብ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ተጠጋ። የሶፋውን ቦታ ሳትለውጡ ሰብዉፈሩን ብቻ ብታንከራትቱ እንደ እኔ ያለው ችግር አይፈታም።

ቀጥሎ ሦስት ማስተካከያዎች አሉ። የመጀመሪያው ሰብዉፈሩ እስከ የትኛው ድምፅ ድረስ እንዲሠራ የሚወስነው ነው። ከ80 ሄርዝ ጀምሩ። ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል፤ ሳጥኑ በጎን ቢሆንም ቤዙ ከፊታችሁ ይመስላችኋል። ሌሎቹ ስፒከሮቻችሁ በጣም ትንንሽ ከሆኑ 100 ወይም 120 አድርጉት። አምፕሊፋየሩ ራሱ ይህን የሚወስን ከሆነ ግን የሰብዉፈሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ሥራውን ለአንዱ ተዉለት።

ሁለተኛው 0 እና 180 የሚል ቁልፍ ነው። ሰብዉፈሩና ስፒከሮቹ አየሩን አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጠፋፋሉ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ይቀያይርላችሁ፤ ቤዙ የሚሞላበትን ያዙ።

ሦስተኛው የድምፁ መጠን ነው። ልኩ ይህ ነው፦ ሰብዉፈሩ መኖሩ ሳይታወቃችሁ፣ ሲጠፋ ግን የሆነ ነገር ጎደለ የምትሉበት። እኔ መጨረሻ ላይ አድርሼው የነበረውን ማዞሪያ አሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የጎረቤት ነገር

ምንጣፍና መጋረጃ ቤዝን ያስቀራል የሚል ሰው ብዙ ነው። አያስቀርም። ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ፤ ወፍራሙ ግን ያልፋቸዋል። ከሳጥኑ ሥር ወፍራም ፎም ወይም ጎማ ማድረግ ንዝረቱ በቀጥታ ወለሉን እንዳይመታ ይረዳል። በአየር የሚሄደውን ግን የሚገታው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀነስ። ስለዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቀንሱ፤ ቴሌቪዥናችሁ ወይም ሳውንድባራችሁ የሌሊት ማስተካከያ ካለው ተጠቀሙበት። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቀን ሙዚቃውን ከፍታችሁ ታች ውረዱና ከጎረቤታችሁ ሳሎን ሆናችሁ ስሙት። እኔ ይህን ያደረግኩት ዘግይቼ ነው።

ሰብዉፈሩ ቦታውን ካገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጎረቤታችንና ባለቤታቸው ቡና ሊጠጡ መጡ። ሰውዬው ተሽሏቸው ደረጃውን በራሳቸው እግር ነው የወጡት። የጥንት ዘፈን ከፈትንላቸው። እሳቸው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ሲሰሙ፣ ሚስታቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣

«ያን ሙቀጫ ሸጣችሁት እንዴ?» አሉኝ።

እግራቸው አጠገብ ነበር።