ናፍቆቱን አነበብነው፤ ሥራውንስ?

ስለ ስደት ያልገጠመ የአማርኛ ገጣሚ ማግኘት ይቸግራል። እኔም ገጥሜያለሁ። ቀን ቀን ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። ቀን ሒሳብ ቢጎድልብኝ ተጠያቂ ነኝ፤ ማታ ስንኝ ቢጎድልብኝ ግን የሚጠይቀኝ የለም። አንድ አብሮ አደጌ ከባሕር ማዶ ደውሎ የግጥሜን ጉድለት እስኪነግረኝ ድረስ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

አብሮ አደጌ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች ከሚያመርት ገበሬ ቤት የተወለደ ነው። አብረን ተማርን፤ የመጀመሪያ ዲግሪያችንንም በአንድ ዓመት ያዝን። እሱ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ሆነ፤ እኔ ወደ ባንክ ገባሁ። ኋላ የዲቪ ዕጣ ወጣለትና አሜሪካ ሄደ። ዛሬ በምሥራቃዊው የአሜሪካ ጠረፍ ባለች አንዲት ከተማ ለአንድ የቤዝቦል ቡድን ተቀጥሮ ይሠራል። ተጫዋች አይደለም፤ ሜዳውን ከሚንከባከቡት ሠራተኞች አንዱ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ቃል አስገብቶኝ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ሥራ መያዙን በሰማሁ ሰሞን ረዘም ያለ ግጥም ጽፌ ላክሁለት። መግቢያው እንዲህ ይል ነበር፦

ባሕር ማዶ ላለህ ከጉና ሥር ሆኜ፣
እንባዬን ላክሁልህ በደመና ጭኜ።

በሳምንቱ ደወለ። «ግጥምህን ወድጄዋለሁ» አለኝ፤ «ነገር ግን እዚህ ሲዘንብ ሸራ የምጎትተው እኔ ነኝ። እባክህ ደመናህን ወደ ሌላ ከተማ ንዳልኝ!»

ሣቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የምን ሸራ ነው? ለምን ይጎትተዋል? ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ይወጣል? ስለ ጓደኛዬ ናፍቆት ሃያ አራት ስንኝ የደረደርሁ ሰው ስለ ጓደኛዬ ውሎ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር አልቻልሁም።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ነገር ይኸው ነው። ሥነ ጽሑፋችን ስደተኛውን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይሸኘዋል፤ በናፍቆት ያስለቅሰዋል፤ በመጨረሻም ወይ ሻንጣ አስይዞ ወይ በሣጥን አድርጎ ይመልሰዋል። በመካከል ያለውን ዘመን፣ ሰውየው በየማለዳው ተነሥቶ የሚሠራውን ሥራ፣ ብዙውን ጊዜ አይነግረንም።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ በደወለ ቁጥር ስለ ሥራው እጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ «ያው ሥራ ነው» እያለ ያልፈኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን አንደበቱ ተፈታ።

ቤዝቦል ለጉና ልጅ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ዱላና ኳስ ነው። እኛም በታኅሣሥ መጨረሻ በተቆለመመ ዱላ ሩር እየመታን፣ ገና ስንጫወት አድገናል። የእኛ ገና የዓመት በዓል ጨዋታ ነው፤ የእነሱ ግን የዘወትር ሥራ ነው። በትልቁ ሊግ ውስጥ ያሉት 30 ቡድኖች፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ፣ እያንዳንዳቸው 162 መደበኛ ጨዋታ ያደርጋሉ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ፣ 81ዱ፣ በገዛ ሜዳቸው የሚደረግ ነው። ሜዳው 81 ጊዜ እንደ ሙሽራ ቤት ተሰናድቶ መጠበቅ አለበት።

ተጫዋቾቹ የሚሯሯጡበት መሬት ከአሸዋ፣ ከደለልና ከሸክላ አፈር የተቀየጠ ነው። ከደረቀ ይጠነክርና ኳሷ ባልታሰበ አቅጣጫ እየነጠረች ሰው ትጎዳለች፤ ከራሰ ደግሞ ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል። ስለዚህ የጓደኛዬ ውሎ አፈር ማጠጣት፣ ማለስለስ፣ መደልደልና እንደገና ማጠጣት ነው። በጨዋታው መካከልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛውና ከ6ኛው ዙር በኋላ፣ የብረት መረብ እየጎተቱ ይገቡና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሬቱን አስተካክለው ይወጣሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ሃምሳ ሜትር በሃምሳ ሜትር የሚጠጋውን ሸራ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ተረባርበው ያለብሱታል፤ ሲያባራ ውሃውን አራግፈው ይጠቀልሉታል። ያ እኔ በግጥሜ የቀለድሁበት ሸራ ይህ ነው።

ማታ 1 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ዘጠኙ ዙር በእኩል ውጤት ቢያልቅ አሸናፊ እስኪለይ ይቀጥላል። እዚያ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ተመልካቹ ወጥቶ፣ እሱ የተቦረቦረውን ደፍኖ፣ አፈሩን አጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይነሣሉ።

ኳሷም የራሷ ታሪክ አላት። የቱሪያልባ ሠራተኞች፣ ኮስታሪካ ውስጥ፣ በእጃቸው ይሰፏታል፤ በያንዳንዷ ላይ 108 ጥንድ ስፌት ይቆጠራል። አዲስ ሆና ስትመጣ ቆዳዋ ስለሚያሟልጭ፣ ከጨዋታ በፊት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከአንድ የደላዌር ወንዝ ገባር ዳርቻ የሚወጣ ልዩ ጭቃ ትታሻለች። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ፣ «በዚህ ጨዋታ ውስጥ እኔን የሚመስል ሰው ብዙ ነው» አለኝ። ያን ቀን ከናፍቆት ሌላ ነገር ከድምፁ ሰማሁ።

አንድ ጊዜ ግን የቀድሞው አመሌ ተነሣብኝ። በቤዝቦል መቺው ከአንድ ቦታ ይነሣና ሦስት ማረፊያዎችን ዞሮ ወደተነሣበት ሲመለስ ነጥብ ይቆጠርለታል። ያ መነሻና መመለሻ በእነሱ ቋንቋ «ቤት» ይባላል። ይህን እንደሰማሁ በውስጤ ያለው ገጣሚ ዘሎ ቆመ። «ከቤት ወጥቶ ዙሮ ቤቱ ካልገባ የማይቆጠርለት ሰው! ይህ እኮ የአንተው ታሪክ ነው!» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። «ቤት የምትለው ነጭ ላስቲክ ነው» አለኝ፤ «ወርዱ 43 ሳንቲ ሜትር ነው። ተንበርክኬ የምወለውለው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ በጫማቸው ስለሚቆፍሩት፣ ዙሪያውን ያለውን ሸክላ በየማታው ሞልተን እንጠቀጥቃለን። ከጻፍህ ይህን ጻፍ።»

እኔ ምሳሌ ያየሁበት ቦታ ላይ እሱ ጉልበቱን የሚያሳምም ሥራ አየ። ምሳሌው ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን ጉልበቱን ሳልጠይቅ ምሳሌውን መውሰዴ፣ በባንክ ቋንቋ ብናገር፣ ተቀማጭ ሳይኖረኝ ወጪ ማድረግ ነበር።

ለምንድን ነው ሥራውን የማንጽፈው? አንዱ ምክንያት ኀፍረት ይመስለኛል። መምህር የነበረ ሰው አፈር ይጠቀጥቃል፤ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረች ሴት ሆቴል ታጸዳለች። እነሱም መናገር አይወዱም፤ እኛም መስማት አንወድም። ይህ ኀፍረት አሜሪካ ላይ አልተወለደም፤ ከዚህ ተጭኖ የሄደ ነው። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸማኔውን ስንንቅ፣ የሠራልንን ማረሻ፣ ቁርበትና ጋቢ ግን ሳናፍር ስንጠቀም ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም፣ ዝምታውን አላስቀረም። በእጅ የሚሠራ ሰው በጽሑፋችን ውስጥ ዛሬም እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛ አገር ቤት ያለነው ነን። በእኔ መስኮት በኩል በየቀኑ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ይወጣል። ስም እጠይቃለሁ፤ መታወቂያ አያለሁ፤ ሚስጥር ቁጥር እቀበላለሁ፤ ብሩን ቆጥሬ እሰጣለሁ። ተቀባዩ የዕለቱን ምንዛሪ ይጠይቀኛል። ያ ገንዘብ ስንት ሰዓት ቆሞ፣ ምን ተሸክሞ፣ በየትኛው ብርድ እንደተገኘ የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አልገጠመኝም። በዚህ አልፈርድም፤ እኔም የጓደኛዬን ሥራ ሳልጠይቅ ዓመታት አልፈውኛል።

ሥራን መጻፍ ለኋላ ትውልድ ምን እንደሚያተርፍ ለማወቅ ደብረ ታቦሬ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጋፋት አጠገባችን ናት። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና ባለ እጆችን አስፍረው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። እነዚያ ሰዎችም በባዕድ አገር የሚኖሩ፣ ለባዕድ ጌታ የሚሠሩ ስደተኞች ነበሩ። መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ተናግረው ነበር፤ ሆኖም ምድጃ ሠሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሠሩ። በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በመጋቢት መቅደላ አደረሱት።

የእነዚያን ባለ እጆች ውሎ የምናውቀው ስለጻፉት ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመ የሕይወት ታሪክ ትቶልናል። መድፉን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የጎተቱት በሺሕ የሚቆጠሩ የአገራችን ሰዎች ግን ምን እንደበሉ፣ ገመዱ መዳፋቸውን እንዴት እንደላጠው፣ ዳገት ላይ ምን እያሉ እንደተጯጯሁ ከራሳቸው አንደበት የተጻፈ አላነበብሁም። ያው መንገድ፣ ያው መድፍ ነው። የሚታወሰው የጻፈው ሆነ።

«ሥነ ጽሑፍ እኮ የሥራ ሪፖርት አይደለም፤ የሰው ልብ ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ናፍቆት አይጻፍ አላልሁም። የምለው፣ ልብ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሥራ ላይ ነው። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ሎጋን ሰርክል አካባቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ አሳይቶናል። የሰውየው ብቸኝነት የሚገባን ከሱቁ ጋር ስለምናየው ነው፤ የማይሸጥ ዕቃና ደንበኛ የራቀው ቀን ከሐዘኑ ተለይተው አይታዩም። መጽሐፉ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእግር ኳስ ስም የሚሰባሰቡበት ትልቅ በዓል አላቸው፤ በዚያ ሜዳ ዳር ከሚገናኙት መካከል በአማርኛ የሚነገር ስንት የታክሲ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የአዛውንት መጦሪያ፣ የስታዲየም ታሪክ ይኖር ይሆን?

ስለዚህ በባሕር ማዶ ላላችሁ የብዕር ወዳጆች ልመና አለኝ። ናፍቆታችሁን ስትጽፉልን ሥራችሁንም ጨምሩበት። የመሣሪያችሁን ስም፣ የፈረቃችሁን ሰዓት፣ አጠገባችሁ የሚቆመውን ሰው ንገሩን። አማርኛ ቃል ካጣችሁለት እንደምትጠሩት ጥሩት፤ እኛ እንለምደዋለን። እኛም አገር ቤት ያለነው፣ «መቼ ትመጣለህ?» እና «መቼ ትልካለህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?» እንበል።

የጓደኛዬ እናት ባለፈው ክረምት ወደ መስኮቴ መጡ። ገንዘባቸውን ተቀብለው ከቋጠሩ በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ኳስ ቤት ነው የሚሠራው ይሉኛል። በዚህ ዕድሜው ያስሮጡታል እንዴ?»

«አይ እማማ፣ አያስሮጡትም» አልኋቸው። ሜዳው አፈር መሆኑን፣ ልጃቸው አፈሩን እንደሚያጠጣ፣ ጓሉን እንደሚያለሰልስ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚሸፍነው አስረዳኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አዳመጡኝ። ፊታቸው ፈታ አለ።

«አፈር ነው እንዴ?» አሉ። «አፈርማ ያውቃል። ከአባቱ ጋር ነው ያደገ።»

በቀደም ጓደኛዬ ደውሎ ነበር። እናቱ ወሬያቸውን እንደለወጡ ነገረኝ። ድሮ በደወለ ቁጥር «በላህ? ጠጣህ?» ብለው ጠይቀው፣ አልቅሰው ይዘጉ ነበር። አሁን የሚጠይቁት ስለ አፈሩ ነው፤ ዛሬ በቂ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ዝናቡ እንዳልወሰደው። አልፎ አልፎም ምክር ይሰጡታል። ከበፊቱ ይልቅ ረጅም ሰዓት እንደሚያወሩ ነግሮኛል።